ያኔን ስናነሳ ዛሬን እንዳንረሳ

(በ1990 ዓ.ም. ተመራቂዎች 25ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

 

አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ትዝታ ትንሽ ተናገርልን» ሲለኝ ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ለመሆኑ ከእኛ ባች ስለ ትዝታ የማያወራ ማን አለ? የቴሌግራም ግሩፓችንን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ጠዋት አንዱ ከአሮጌ አልበም ውስጥ ፎቶ ያገኝና ይለጥፋል፤ ራስ መኮንን አዳራሽ በር ላይ ቆመን፣ ፀጉራችን ሞልቶ፣ ሱሪያችን ሰፍቶ። እኛም ከሥሩ ተራ በተራ «ወይ ጊዜ!» እንላለን። ንግግሩን ለማዘጋጀት ስቀመጥ፣ እስቲ ልቁጠር ብዬ የአንድ ወሩን ፎቶ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ከ1987 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተነሱ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ የለቅሶ ማስታወቂያ ነው። ሌላው በስህተት የተላከ የመብራት ሂሳብ ነው።

ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እርስ በርስ የምናሳየው አዲስ ነገር እንዴት ጠፋ? ሥራማ ሠርተናል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሐኪም አለ፣ ዳኛ አለ፣ መምህር አለ፣ ነጋዴ አለ። ልጅ አሳድገናል፣ ቤተሰብ ጦረናል። እኔ የምለው ስለ እንጀራው ሥራ አይደለም። ያኔ ማንም ሳያዘን፣ ማንም ሳይከፍለን እንሠራው የነበረውን ነገር ነው። እሱ የት ገባ?

በቅድሚያ ግን ስለዚያ ዘመን እውነቱን እንነጋገር። ትዝታ ጥሩ አጣቢ ነው፤ እድፉን ያስለቅቅና ልብሱን ብቻ ይሰጠናል። ዶርማችን ውስጥ ስምንት ሆነን በተደራራቢ አልጋ እንተኛ እንደነበር እናወራለን፤ ሌሊት በትኋን ስንገላበጥ ማደራችንን ግን አናነሳም። የካፌውን ሰልፍ እንደ ጨዋታ እናወራዋለን፤ ወር በገባ በሳምንቱ ኪሳችን ባዶ ሆኖ፣ ያን ሰልፍ ሁለት ጊዜ ለመሰለፍ የምንፈልገው ዘዴ ከርሃብ የመጣ ነበር። ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ ወንበር በደብተር መያዝ ዛሬ ያስቃል፤ ያኔ ግን ወንበር ላጣ ሰው አያስቅም ነበር።

ደግሞ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት የተለጠፈበትን ጠዋት ታስታውሳላችሁ። ከእኛ ክፍል ሁለት ልጆች ተባረሩ። አንደኛው ተሰናብቶን፣ ተላቅሰን፣ ሻንጣውን ይዘንለት እስከ በሩ ሸኘነው። ሌላው ግን ሌሊት ተነስቶ ማንንም ሳይቀሰቅስ ሄደ። ጠዋት ስንነሳ አልጋው ተነጥፏል፤ ፍራሹ ላይ ከእኔ የተዋሰው መዝገበ ቃላት ተቀምጧል። በቃ፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። ከምንለጣጥፋቸው ፎቶዎች በአንዱም ላይ የለም፤ እሱ ሲሄድ ገና ካሜራ ያለው ሰው አልተዋወቅንም ነበር። ይህን ልጅ ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፈረንጆቹ «ኖስታልጂያ» የሚሉትን ቃል የፈጠረው፣ ታምኑኛላችሁ፣ ተማሪ ነው። ዮሐንስ ሆፈር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባቀረበው ጽሑፍ፣ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላትን ገጥሞ ሠራው። ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት ለሚታመሙ ሰዎች የበሽታ ስም ፈልጎ ነው። ዕድሜው ገና አሥራ ዘጠኝ ገደማ ነበር፤ እኛ ፍሬሽማን ሆነን ሰልፍ የምንሰለፍበት ዕድሜ። ናፍቆትን በሽታ ያለው ልጅ በዚያች ሰዓት የሚሠራው አዲስ ነገር ነበር።

ስለ ሰው ልጅ ትውስታ ያጠኑ ሰዎችም አንድ ነገር አስተውለዋል። አርባን ያለፈ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ፣ አብልጦ የሚያስታውሰው ከአሥራዎቹ አንስቶ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። ይህም በተለያዩ አገሮች ሰዎች ላይ የታየ ነው። እንግዲህ የእኛ ዘመን የተለየ ወርቅ ሆኖ አይደለም። የምንናፍቀው ዘመኑን ሳይሆን በዘመኑ የነበርነውን ራሳችንን ነው።

ታዲያ ምን ነበርን? ሐሙስ ማታ ማታ በእኛ ዶርም ውስጥ ይደረግ የነበረውን የምታስታውሱ አላችሁ። አልጋ ላይ፣ መሬት ላይ፣ መስኮት ላይ ተቀምጠን የጻፍነውን እናነብ ነበር። አብዛኛው ግጥም መጥፎ ነበር። የእኔ ደግሞ ከመጥፎዎቹም መጥፎ። ግን በየሳምንቱ አዲስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያነበበውን ይዞ የሚመጣ ሰው «ይሄን ሰምተነዋል!» ተብሎ ይጮህበታል። የዚያ ክፍል ደንቡ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ያ ደንብ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ቢሠራ ስንቶቻችን እንተርፋለን?

እኛም እኮ ያኔ «ዘግይታችሁ መጣችሁ» እንባል ነበር። ከእኛ የሚበልጡት «የግጥም ዘመንማ የእኛ ነበር» ይሉናል። የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድርን፣ በ1950ዎቹ የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» እና የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» የተነበቡበትን ዘመን ያነሱልናል። እውነታቸውን ነው፤ ትልቅ ዘመን ነበር። ግን እኛ ያን ስንሰማ አንገታችንን ደፍተን እንወጣ ነበር። ማንም «እነዚያ ልጆች ያኔ እንደ እናንተው ተማሪዎች ነበሩ፤ የጻፉት ስለ ያለፈው ሳይሆን ዓይናቸው ሥር ስላለው ድሃ ነው» አላለንም። ዛሬ እኛ ለልጆቻችን የምንለውስ ከዚህ ይለያል?

ከዚሁ ግቢ ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ተሰልፈው ሲጫወቱ ስናይ «ይሄ ነው የጥንቱ፣ ይሄ ነው የአባቶቻችን» እንላለን። መሣሪያዎቹ የጥንት ናቸው፤ አሰላለፉ ግን አይደለም። ዋሽንት የእረኛው ነበር፤ በመስክ። ማሲንቆ የአዝማሪው ነበር፤ በጠጅ ቤትና በሰርግ። እነዚህን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ እንደ ኦርኬስትራ አሰልፈው ካጫወቱት ቀደምት ቡድኖች አንዱ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመጣው እዚህ ያስተምር የነበረው ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሀሊም ኤልዳብ ነው። በኋላም ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መርቶታል። ያኔ «እነዚህ መሣሪያዎች አንድ ላይ ተጫውተው አያውቁም» ብለው ቢተዉት ኖሮ ዛሬ የምንናፍቀው አንድ ነገር ይጎድለን ነበር።

«ወርቃማው ዘመን» የምንለው የሸክላ ሙዚቃም እንዲሁ ነው። አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ማሳተም ጀመረ። እኛ በተመረቅንበት ጊዜ አካባቢ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያን ዘፈኖች «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ዝግጅት ለዓለም ማሰማት ጀመረ። ዛሬ ዓለም በናፍቆት የሚያዳምጣቸው እነዚያ ልጆች፣ ማታ ማታ በየምሽት ክበቡ ሲጫወቱ ናፍቆት የሚሠሩ አይመስላቸውም ነበር። የሚሠሩት ለዚያች ማታ ነበር።

ትዝታ ራሱ ምን እንደሆነ ደግሞ እናስበው። ትዝታ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር። ዜማው የጋራ ነው፤ ስንኙ ግን የየራስ ነው። አንዱ ድምፃዊ የዘፈነውን ትዝታ ሌላው እንዳለ ቢደግመው አይጣፍጥም፤ የራሱን ሆድ መባስ፣ የራሱን ስንኝ ማምጣት አለበት። በእኛ ባህል እንግዲህ ማስታወስ እንኳ አዲስ ስንኝ ይጠይቃል።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ምሥጢሩን አጥንቶ አይቀርም፤ ራሱ ይቆጥራል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ትናንት የተባለን ቅኔ ዛሬ ይዞ የሚቀርብ ይታፈርበታል። ከቅኔ ዓይነቶች አንዱማ ስሙ ራሱ «ዘይእዜ» ነው፤ በግእዝ «የአሁን» ማለት ነው። ከእነዚህ አባቶች የበለጠ ትናንትን የጠበቀ ማን አለ? ግን የሚጠብቁት በየቀኑ አዲስ እየሠሩበት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምናገረው የሠራሁ ሰው ሆኜ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል።

አራተኛ ዓመት ሆነን ከአንድ ጓደኛችን ጋር ተውኔት ጀምረን ነበር። የማንን እንደምል ታውቃላችሁ፤ በ2009 ዓ.ም. የቀበርነው። ነፍሱን ይማር። ተውኔቱ ሌሊት ተነስቶ ስለሄደው የዶርም ልጃችን ነው። ሁለት ገቢር ጻፍን። የመጀመሪያው ዶርም ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ውጤት የተለጠፈበት ቀን። ሦስተኛው ልጁ አገሩ ሲገባ መሆን ነበረበት። እዚያ ላይ ቆምን። ፈተና መጣ፣ ምርቃት መጣ፣ ሥራ መጣ። ደብተሩ እኔ ጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? ስለ ተውኔቱ ማውራት። በየሰርጉ፣ በየምርቃቱ፣ በየለቅሶው ሳይቀር «እኔና እሱ እኮ አንድ ተውኔት ጀምረን…» እላለሁ። ሰው ያዝንልኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ባይጨረስ ይሻለኝ ነበር ማለት ነው፤ ያላለቀ ነገር አይተችም።

የዛሬ ዓመት በፋሲካ የጓደኛችን ልጅ ቤቴ መጣች። አሁን ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች፤ እዚሁ ግቢ። አባቷ የጻፈውን ልይ አለችኝና ደብተሩን ሰጠኋት። ሳሎን ተቀምጣ አነበበችው። ስትጨርስ የምታለቅስ መስሎኝ ሶፍት አዘጋጅቼ ነበር።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ገቢርስ?» አለችኝ።

የተለመደውን ታሪኬን ጀመርኩላት። ፈተና መጣ፣ ምርቃት መጣ…

«እሺ፤ ልጁስ የት ደረሰ?»

«አናውቅም» አልኳት።

«አልጠየቃችሁም?»

ወገኖቼ፣ መልስ አልነበረኝም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የዚያን ልጅ ታሪክ እያነሳሁ ሰው አስለቅሻለሁ። የት እንዳለ፣ ይኑር ይሙት፣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለትዝታዬ እሱ አያስፈልገኝም ነበር፤ የተነጠፈው አልጋውና መዝገበ ቃላቱ ይበቁኝ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ልጽፈው ተቀመጥኩ። አልሆነም። ያኔ እንደምጽፈው ልጽፍ ሞከርኩ፤ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጃኬት ለብሶ ሲወጣ አስቡት። ደግሞም አንድ ተባራሪ ተማሪ አገሩ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው አላውቅም። እናቱ ምን ትላለች? ጎረቤት ምን ይላል? ማን ይቆጣል፣ ማን ዝም ይላል? እኔ የሸኘሁትን እንጂ የገባበትን አላየሁም። ስለዚህ ፍለጋ ጀመርኩ። የሚያውቀው ሰው የሚያውቀውን ጠይቄ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስልኩን አገኘሁት።

በደንብ አላስታወሰኝም። «መዝገበ ቃላት ያዋስከኝ ልጅ ነህ?» አለኝ፤ እሱን ብቻ ያስታውሳል። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ዛሬ ወፍጮ ቤት አለው፤ አራት ልጆች አሳድጓል፤ ትልቋ ነርስ ናት። ሌሊት ለምን እንደሄደ ጠየቅኩት። እኛ ስናለቅስና ስንጽፍበት የኖርነው «አፍሮ ነው» ብለን ነው። እሱ ምን አለኝ? «የመጀመሪያው አውቶቡስ በሌሊት ነዋ! እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ደግሞ ተኝታችሁ ነበር፤ አሳዘናችሁኝ።»

አያችሁ? የተውኔታችን ሁለተኛ ገቢር በሙሉ የተሠራው በስህተት ላይ ነው።

ማፈሩስ? ማፈሩ በኋላ መጣ አለኝ፤ አገሩ ከገባ በኋላ። የላከው ሰፈር በሙሉ አዋጥቶ ስለነበር ለስድስት ወር ገበያ አልወጣም። እናቱ ግን አንድም ቀን አላነሳችበትም። እሱን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ።

እነሆ፣ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። ትዝታ የሚያውቀውን ብቻ ይደግማል። ሥራ ግን የማታውቀውን እንድትጠይቅ ያስገድድሃል። ደብተሩን እንደ ቅርስ ሳጥን ውስጥ ባስቀምጠው ኖሮ ያንን ስልክ አልደውልም ነበር።

ሦስተኛው ገቢር አሁን ተጽፏል። ጥሩ ነው አልላችሁም። የጓደኛዬ ልጅ አንብባ «የእህትየው ንግግር የሽማግሌ ነው» ብላ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት፤ ያንን ክፍል ራሷ እየጻፈችው ነው። ሁለተኛውንም ከሥሩ እያፈረስነው ነው። የአባቷን መስመሮች ስንነካ መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን «አባዬ ቢኖር ያስተካክለው ነበር» አለችኝ፤ አሁን እሷን አምኜ እሰርዛለሁ። መቼ ያልቃል ብትሉኝ አላውቅም። ግን ባለፉት ወራት ያን ጓደኛዬን እንደዚህ ቀርቤው አላውቅም፤ ለምን ይህን ቃል መረጠ፣ ለምን እዚህ ላይ ቆመ እያልኩ ነው የማድረው። ፎቶውን ሳይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

እንግዲህ ፎቶ መለጣጠፍ ይቅር እያልኩ አይደለም። ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ያዘጋጁት ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል፤ ሲታተም የመጀመሪያው ገዥ እኔ ነኝ። ግን ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ሲገባ አብሮን የነበረ ሁሉ ይጠራ። ጓደኛችንን ለዛሬው በዓል ጋብዤው ነበር። «እኔ አልተመረቅኩም፤ የተመራቂ በዓል ነው» አለኝ። ይህን ያለው እኛ ስላልን ነው፤ ማኅበሩ ስሙን ከመዝገብ ፈልጎ በደብዳቤ ይጥራው። ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ወፍጮ ቤቱን ማን ይይዝልኛል ብሏልና የሚቀጥለው እሑድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ካዋጣነው ገንዘብ ለመታሰቢያ ሰሌዳ የተመደበውን ግማሹን በየዓመቱ አዲስ ነገር ለሚጽፉ፣ ለሚሥሉ፣ ለሚሞክሩ የግቢው ተማሪዎች እናድርገው። ስማችን እምነ በረድ ላይ ባይጻፍ ምንም አንሆንም።

ሦስተኛው ለእያንዳንዳችን ነው። በሚቀጥለው ስንገናኝ ሁላችንም በዚያ ዓመት የሠራነውን አንድ ነገር ይዘን እንምጣ። ግጥም ይሁን፣ ችግኝ ይሁን፣ ለልጆች ያዘጋጀነው ትምህርት ይሁን፣ ከእናታችሁ ተቀብላችሁ ያሻሻላችሁት የበርበሬ አዘገጃጀት ይሁን። ቢበላሽም ምንም አይደለም። ሐሙስ ማታ ያነበብነውም አብዛኛው የተበላሸ ነበር። አሮጌውን ይዞ ለሚመጣ ግን እኔ ከኋላ ተቀምጬ «ይሄን ሰምተነዋል!» ብዬ እጮሃለሁ። እኔም ተውኔቱን ጨርሼ ካልመጣሁ እናንተ ጩሁብኝ።

ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር። ያለነውን ዕድሜና ጤና ይስጠን፤ ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።